ጌም ስትሠራ ኪስህ ባዶ እንዳይቀር

አቦ፣ መጀመሪያ ጌሙን አሳንሰው። ወጪ የሚያንረው ከሶፍትዌሩ ይልቅ ጊዜው ነው። እኔና ጓደኛዬ ድሬን በሙሉ፣ ከከዚራ እስከ ሳቢያን፣ በስሪዲ ልንሠራ ተነስተን በስምንት ወር ውስጥ ያለቀልን አንድ ባጃጅና ግማሽ ባቡር ጣቢያ ብቻ ነበር። አሁን ጌሙ ውስጥ አንድ መንገድ ነው ያለው፤ ባጃጁ ጎርፍ ሳይመጣ የደቻቱን ወንዝ ይሻገራል፣ በቃ። በሁለት ሳምንት መጫወት ተቻለ።

ከዚያ በዶላር የምትከፍለውን ሁሉ ወረቀት ላይ ጻፍ። የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2016 ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ትንሿ ወርሃዊ ክፍያም ታማለች። ጎዶት የሚባለው ኢንጂን (ጌም መሥሪያ ሶፍትዌር) እና የስሪዲ ሥዕል መሥሪያው ብሌንደር ነጻ ናቸው፤ ጎዶት ከሽያጭህም ድርሻ አይጠይቅም። ሌላው ኢንጂን ዩኒቲ እ.ኤ.አ. በ2023 ከተወሰነ ገቢ በላይ ላገኙ ጌሞች በተጫኑ ቁጥር አስከፍላለሁ ብሎ ነበር። ሰው ተንጫጫበት፣ በ2024 ሰረዘው። በሰው ኢንጂን ስትሠራ ይሄንንም አስብ።

የማይቀረውን ክፍያ መጨረሻ ላይ ክፈል። ጉግል ፕሌይ አንዴ 25 ዶላር ነው፣ የኮምፒውተር ጌም መሸጫው ስቲም በየጌሙ 100 (ጌሙ 1000 ዶላር ካስገባ ይመለስልሃል)። ስለዚህ መጀመሪያ ለሰፈር ልጆች በቴሌግራም ላክላቸው። የሰለቻቸውን ቦታ ቁረጠው እንጂ ሥዕል አትጨምርበት።

ድምፅም አትግዛ። መጋላ ሰፈር ገብተህ የባጃጁን ጥሩምባ በስልክህ ቅዳ። ከባድ ሬንደር (ኮምፒውተሩ የስሪዲውን ሥዕል አስልቶ የሚያወጣበትን ሥራ) ደግሞ ለሌሊት ተወው፤ የኔ ላፕቶፕ በቀን ሙቀት እንደ ምጣድ ግሎ ጥፍት አለ፣ የሦስት ሰዓት ሥራ ይዞ።