ያለ ካርድ ከኤቲኤም ብር ማውጣት፦ ማሽኑ እምቢ ሲል

ካርድ ይጠፋል፣ ማሽን ይውጠዋል፣ ወይም ጭራሽ ካርድ የሌለው ሰው ብር ይላክለታል። ጎንደር ውስጥ ችግሩ የሚብሰው ሆስፒታሉ አካባቢ ነው። መሽቷል፣ ቅርንጫፍ ተዘግቷል፣ መድኃኒት ቤቱ ግን ብሩን ይፈልጋል። ያለ ካርድ ብር የሚወጣው ላኪው ከባንኩ አውጥቶ በሚሰጣችሁ ኮድ ነው፤ ተቀባዩ ኮዱን ማሽኑ ላይ ያስገባል። ሒሳብ ውስጥ ብር እንዳለና ማሽኑ ኮዱ የወጣበት ባንክ ማሽን እንደሆነ አይታችኋል ብዬ ልቀጥል።

ማሽኑ ካርድ ከዋጠ፦ ሌላውን ሁሉ ትታችሁ መጀመሪያ ለባንኩ ደውላችሁ ካርዱን አዘጉ። የንግድ ባንክ ቁጥር 951 ነው።

«ኮዱ ትክክል አይደለም» ካለ፦

ደጋግሜ የማየው ይህን ነው። ማሽኑ ተበላሸ ይባላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ማሽኑ ደህና ነው። ጥፋቱ ያለው ላኪውና ተቀባዩ መሃል ነው።

አንድ አባት ታማሚ ይዘው ከገጠር መጡ። ልጃቸው ከአዲስ አበባ ኮድ አውጥታ በስልክ አነበበችላቸው። ማሽኑ ስልክ ቁጥር ሲጠይቃቸው የራሳቸውን አስገቡ። እምቢ አለ። ደገሙት፣ እምቢ አለ። «አባቴ፣ ልጅዎ ኮዱን ያወጣችው በማን ቁጥር ነው?» አልኳቸው። ደውለው ጠየቋት። ለካ የራሷን ቁጥር ሞልታ ነው። በእሷ ቁጥር ሲሞከር ብሩ ወዲያው ወጣ። እናንተ ላኪዎች፣ እባካችሁ ኮዱን ብቻ አታንብቡ። ስልክ ቁጥሩን፣ የብሩን መጠን፣ ሁለት የሚስጥር ቁጥር የሚጠይቅ ባንክ ከሆነም ሁለቱንም በጽሑፍ ላኩ። ላኪው 3,000 ብሎ ተቀባዩ 2,000 ቢጠይቅም ማሽኑ አይቀበልም።

ሁለተኛው ምክንያት ሰዓት ነው። ኮዱ የሚያገለግልበት ጊዜ አጭር ነው፤ የማብቂያ ሰዓቱ በመልእክቱ ላይ ከተጻፈም በፈረንጅ አቆጣጠር ሊሆን ይችላል። አንድ ወጣት 8:00 ፒኤም የሚለውን አይቶ «እስከ 8 ሰዓት ነው» ብሎ ተዝናና። የምሽቱ 2 ሰዓት መሆኑ የገባው ፒያሳ ደርሶ ኮዱ ከሞተ በኋላ ነው። 6 ሰዓት ቀንሱ። ጊዜው ያለፈ ኮድ አይነሳም፤ አዲስ አስልኩ። በተሳሳተ ቁጥርም ደጋግማችሁ አትሞክሩ፤ ሊቆለፍ ይችላል።

ኮዱን ተቀብሎ ብር ካልሰጠ፦

ማሽኑ ውስጥ 100 እና 200 ብር በየሳጥናቸው ናቸው። 100ው ካለቀ 700 ብር መስጠት አይችልም፤ 600 ወይም 800 ይሰጣል። ስለዚህ ላኪው ለ200 የሚካፈል መጠን ይላክ። 1,250 ብሎ የሚልክ ሰው በጣም ያናድደኛል። በጥምቀት ሰሞን ደግሞ የፒያሳ ማሽኖች ቶሎ ይራቆታሉ። ሰልፍ ላይ ከመቆም ማራኪ ሰፈር ወይም አዘዞ ብትሞክሩ ይሻላል።

ብር ሳይወጣ ከሒሳብ ከተቀነሰ፦

ከማሽኑ አትራቁ። ብሩ የሚወጣበት መስኮት ዘግይቶ ሊከፈት ይችላል፤ ከኋላችሁ ያለው ሰው ብሩን ይወስደዋል። ማሽኑ ወደ መጀመሪያው ገጽ እስኪመለስ ቁሙ። መብራት ከጠፋም ተነስቶ እስኪረጋጋ ጠብቁ። ከዚያ ደረሰኙን ያዙ፣ ስክሪኑን ፎቶ አንሱ፣ ቦታውንና ሰዓቱን ጻፉ። በዚያው ማሽን ላይ ሁለተኛ ኮድ በፍጹም አትሞክሩ። ብሩ በራሱ ካልተመለሰ አቤቱታውን የሚያቀርበው የሒሳቡ ባለቤት ነው፤ ስለዚህ ያሰባሰባችሁትን ሁሉ ለላኪው ላኩለት።

ኮዱ ጥሬ ብር ነው። «ከባንክ ነው የምደውለው፣ ኮዱን ንገሩኝ» የሚል ሌባ ነው፤ ዝጉበት። «ላግዝዎት» ለሚል የማታውቁት ሰልፈኛም ስልካችሁን አትስጡ። ግራ ከገባችሁ የጥበቃ ሠራተኛውን ጥሩ፤ ቁልፉን ግን እናንተው ተጫኑ።