ዴንቨር ውስጥ ቤትን በፀሐይ ማሞቅ፦ ከየት ይጀመራል?

ዴንቨር ወይም አውሮራ የራሳችሁ ቤት ካላችሁ ይህ ለእናንተ ነው። ብርዱ ከባድ ነው፣ ግን በዊንተርም ሰማዩ ብዙ ጊዜ ጥርት ያለ ነው። ያ ሁሉ ፀሐይ ደቡብ ግድግዳችሁ ላይ ሲባክን ይውላል።

መጀመሪያ በርና መስኮት ዙሪያ ያለውን ክፍተት ድፈኑ። ሙቀት የሚያፈስ ቤት ላይ ሶላር መጨመር ዋጋ የለውም።

ቤት የሚያሞቅ ሶላር ሁለት ዓይነት ነው፦ አንዱ ውኃ ያሞቃል፣ ሌላው አየር። ለጀማሪ የምመክረው አየር የሚያሞቀውን ነው፤ እሱም ግድግዳ ላይ የሚሰቀል፣ ፀሐይ የሚያግለው ሳጥን ነው። የውኃው ዓይነት ውኃው በረዶ ሆኖ ቱቦ እንዳያፈነዳ ግላይኮል (በረዶ እንዳይሆን የሚከላከል ፈሳሽ)፣ በተጨማሪም ፓምፕ ይፈልጋል፤ የአየሩ ግን ቢያፈስም ቤት አያበላሽም።

አገር ቤት ፀሐይ አናት ላይ ናት፣ አንዳንድ ወራት በሰሜን በኩልም ታልፋለች። ዴንቨር ግን ቀትር ላይ ሁሌም በደቡብ ናት፤ ዲሴምበር መጨረሻ ላይ ደግሞ ከአድማስ ከፍ የምትለው 27 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ሳጥኑን ደቡብ ግድግዳ ላይ ቀጥ አድርጋችሁ ስቀሉት። በረዶ አይከመርበትም፣ መሬት ላይ ያለው በረዶም ብርሃን ያንጸባርቅለታል። በሐበሻ ሰዓት ከጠዋቱ 3 እስከ 9 ሰዓት ዛፍ ወይም የጎረቤት ቤት የሚያጠላበት ከሆነ ሌላ ቦታ ፈልጉ።

4 በ8 ጫማ የሆነ የእንጨት ሳጥን ይበቃል። ከኋላ ፖሊአይሶ የሚባለውን ኢንሱሌሽን አድርጉ። ነጩን ስታይሮፎም በፍጹም፣ አየር የሚገፋው ፋን ቆሞ ፀሐይ ሲመታው ይቀልጣል። መሃል ላይ 2 ወይም 3 ድርብ ጥቁር የብረት ወንፊት፣ ከፊት ባለ ሁለት ድርብ ፖሊካርቦኔት (ብርሃን የሚያሳልፍ ጠንካራ ፕላስቲክ)። ከዚያ ግድግዳው ላይ ሁለት ቀዳዳ ይበሳል፤ የክፍሉ ቀዝቃዛ አየር በታች ገብቶ ሞቆ በላይ ይመለሳል። ከመብሳታችሁ በፊት የኤሌክትሪክ ሽቦና ቋሚ እንጨት የት እንዳለ አጣሩ፣ ፈቃድም ጠይቁ።

አሁን ዋናው ነገር። ብዙ ሰው የሚወጣው አየር እጅ ካላቃጠለ አልሠራም ይላል። ተቃራኒው ነው! ሳጥኑ በጣም ከጋለ ሙቀቱ በፊቱ በኩል ወደ ውጭ እያመለጠ ነው፤ ለብ ያለ ግን ብዙ አየር ነው ቤት የሚያሞቀው። ለዚህ መጠን በደቂቃ 100 ኪዩቢክ ጫማ ያህል የሚገፋ ፋን ግዙ፣ ሳጥኑ 40 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ሲደርስ ራሱ የሚያስነሳው ቴርሞስታትም ግጠሙለት። ጥሩ ፀሐይ ባለበት ቀን ቀትር ላይ የ1500 ዋት ሂተር ያህል ይሰጣችኋል። ፀሐይ ስትገባ ያበቃል፣ ስለዚህ ፈርኔሱ አይቀርም።

ማታ ግን አየሩ አቅጣጫውን ይቀይራል። ሳጥኑ ውስጥ የቀዘቀዘው አየር ወደ ታች ወርዶ ቤት ይገባል፣ ቀን ያገኛችሁትንም ይወስዳል። ወደ አንድ ወገን ብቻ የሚከፈት ቀላል ክዳን ቀዳዳው ላይ አድርጉ። ማታ የታችኛው ቀዳዳ አጠገብ እጣን አጭሱ፤ ጭሱ ወደ ሳሎን ከተገፋ ክዳኑ በደንብ አልገጠመም።