ከሐዋሳ አሜሪካ ለገቡ፦ ድባቴንና ጭንቀትን ለይቶ ማወቅና የምክር አገልግሎት መጀመር

ከሐዋሳ ተነሥቶ አሜሪካ የገባ ሰው በመጀመሪያዎቹ ወራት ቢከፋው፣ አገሩ ውል ቢለው፣ ምግቡ አልጥም ቢለው ያለ ነገር ነው፤ ናፍቆት ሥራ ሲገኝ ወይም ከቤት ደህና ዜና ሲሰማ ፋታ ይሰጣል። ድባቴ ግን ፋታ አይሰጥም። ሐኪሞች ድባቴ ነው የሚሉት፣ የስሜት መጨለም ወይም ከሚወዱት ነገር ሁሉ መራቅ ቢያንስ ለ2 ሳምንት የቀኑን አብዛኛውን ክፍል ሲቆይ፣ ከዚህም ጋር የእንቅልፍ መዛባት፣ ድካም፣ ሐሳብን መሰብሰብ አለመቻል፣ ራስን መውቀስ፣ አልፎም ሞትን መመኘት ሲመጣ ነው። ጭንቀት ደግሞ ምክንያቱ ሲያልፍ አብሮ የማያልፍ ስጋት ነው፤ የቤት ኪራዩ ተከፍሎም ሌሊቱን ስለ ኪራይ ሲገላበጡ ማደር፣ ስልክ በጮኸ ቁጥር ልብ ድው ድው ማለት፣ ትንፋሽ ማጠር ከምልክቶቹ መካከል ናቸው።

በእኛ ሰው ዘንድ ይህ ሕመም ብዙውን ጊዜ በአካል በኩል ይገለጣል። ክሊኒክ ሄደን «ራሴን ያመኛል፣ ጨጓራዬን ያቃጥለኛል» ብለን እናቆማለን፤ ሐኪሙም የጨጓራ መድኃኒት ይዞ የሚሄድ ሰው ብቻ ያያል። ስለዚህ «እንቅልፍ የለኝም፣ ሰው ማየት አስጠልቶኛል» የሚለውንም ይጨምሩ። የታይሮይድ ዕጢ ችግርና ደም ማነስ ድባቴን ሊመስሉ ስለሚችሉ የደም ምርመራ ሊታዘዝልዎ ይችላል። ሐዋሳ ሳሉ ጫት ይቅሙ ከነበረና ሲመጡ በድንገት ካቆሙ፣ ይህም ለጊዜው ስሜትን ስለሚያወርድ ሳያፍሩ ይንገሩ። ሐዋሳ ዓመቱን ሙሉ የቀን ብርሃኗ ርዝመት ወደ 12 ሰዓት ይጠጋል፤ ሲያትል ግን በታኅሣሥ ከ8 ሰዓት ተኩል ገደማ አይዘልም፤ የብርሃን ማነስም በአንዳንድ ሰዎች ላይ በየዓመቱ የሚመለስ ድባቴ ያመጣል።

ክሊኒክ ሲደርሱ 9 ጥያቄዎች ያሉት ቅጽ ሊሰጥዎ ይችላል፤ የአማርኛ ቅጂም አለው። ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 3 ይሞላል፤ ድምሩ 10ና ከዚያ በላይ ከሆነ ሐኪሙ ጠለቅ ብሎ ይጠይቃል። የመጨረሻው ጥያቄ ራስን ስለ መጉዳት ሐሳብ ነው። ብዙ ሰው «ሆስፒታል ያስገቡኛል» ብሎ ፈርቶ 0 ይሞላል፤ ይህ ፍርሃት እጅግ ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም ሐሳቡ መጥቶብኛል ማለት ብቻውን ሰውን ሆስፒታል አያስተኛም፤ ሐኪሙ የሚያጣራው ዕቅድ መኖሩንና አደጋው ቅርብ መሆኑን ነው። እባክዎ እውነቱን ይሙሉ።

የምክር አገልግሎቱ ተመላላሽ ነው፤ ብዙ ጊዜ በሳምንት አንድ ቀን ከ45 እስከ 50 ደቂቃ ተነጋግረው ወደ ቤትዎ ይመለሳሉ። አማካሪው እንደ አገር ሽማግሌ አይፈርድም፣ ይጠይቃል፣ ያዳምጣል፣ በሳምንቱ ውስጥ የሚሞክሩትን ነገርም ይሰጥዎታል። የነገሩትን ያለ ፈቃድዎ ለቤተሰብም ለአሠሪም አያወጣም፤ ሕይወትን የሚያሰጋ አደጋ ወይም በሕፃን ላይ የሚደርስ በደል ሲኖር ግን ሕጉ እንዲያሳውቅ ሊያስገድደው ይችላል። ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል የሕክምና ተቋም አስተርጓሚ በነፃ ማቅረብ ግዴታው ስለሆነ ቀጠሮ ሲይዙ ይጠይቁ፤ በሰፈርዎ ያለው ሐበሻ እርስ በርሱ የሚተዋወቅ ከሆነ ከሌላ ከተማ በስልክ የሚያስተረጉም እንዲሰጥዎ መጠየቅ ይችላሉ። ልጅዎን ግን አያስተርጉሙ። ኢንሹራንስ ለሌለው ሰው በገቢ መጠን የሚያስከፍሉ የማኅበረሰብ ጤና ጣቢያዎች አሉ።

መድኃኒት ከታዘዘልዎ ለውጡ የሚታየው ከሳምንታት በኋላ ነውና ተስፋ አይቁረጡ፤ ሐኪም ሳያማክሩም በድንገት አያቋርጡ። ጸበሉም ጸሎቱም ዱዓውም ከሕክምናው ጋር አብሮ ይሄዳል።

ራስን የማጥፋት ሐሳብ ከበረታ 988 ይደውሉ፤ መስመሩ እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ቀንና ሌሊት በነፃ ይሠራል፤ «አምሃሪክ» ብለው አስተርጓሚ ይጠይቁ።

ሐዋሳ ላለው ቤተሰብም አንድ ነገር ልበል። ፍቅር ሐይቅ ዳር ተሰብስባችሁ ስትደውሉ «ደህና ነኝ፣ ሥራ በዝቶብኝ ነው» የሚላችሁ ልጅ አንዳንዴ ከሥራ ቀርቶ መጋረጃ ዘግቶ የተኛ ነው። ስለ ገንዘቡ ከመጠየቃችሁ በፊት ምን እንደ በላ፣ ሌሊት እንቅልፍ ይወስደው እንደሆነ ጠይቁት፤ ሐኪም ጋ ልሂድ ካለም «እብድ ነህ እንዴ?» አትበሉት።