ኢሚዩኖቴራፒ የሚወስድ ሰው ተቅማጥ ሲይዘው

ድሬዎች፣ እቤታችሁ ለካንሰር እንደ ፔምብሮሊዙማብ ወይም ኒቮሉማብ ያለ ኢሚዩኖቴራፒ (የሰውነት መከላከያን አነቃቅቶ ካንሰሩን እንዲዋጋ የሚያደርግ መድኃኒት) የሚወስድ ሰው ካለ ይቺን ያዙልኝ። ተቅማጥ ሲጀምረው «ሙቀቱ ነው፣ ውሃው ነው» ብላችሁ ማስቆሚያ ኪኒን ገዝታችሁ አትስጡት። መድኃኒቱ ያነቃቃው የሰውነት መከላከያ ዞሮ ትልቁን አንጀት ሊያቆስል ይችላል፤ ሕክምናው ካበቃ ከወራት በኋላም ቢሆን። ሽንት ቤት መመላለሱ ከወትሮው በቀን በ4 እና ከዚያ በላይ ከጨመረ፣ ደም ወይም ንፍጥ ካየ፣ ሆዱን አጥብቆ ከቆረጠው በዚያው ቀን ለካንሰር ሐኪሙ ደውሉ። ሰፈር ክሊኒክ ከሄዳችሁም «ኬሞ ነው» አትበሉ፣ የመድኃኒቱን ስም ጽፋችሁ አሳዩ፤ የሰገራ ምርመራው አሜባ ቢልም እንኳ ስሙን ከማሳየት አትቅሩ። መድኃኒቱ ያመጣው የአንጀት ቁስለት ብዙ ጊዜ የሚታከመው በስቴሮይድ (የተቆጣውን የሰውነት መከላከያ በሚያበርድ መድኃኒት) ስለሆነ መዘግየቱ ይጎዳል። እስከዚያው ኦ አር ኤሱን (በውሃ የሚበጠበጠውን የጨውና የስኳር ዱቄት) በፓኬቱ ላይ በተጻፈው ልክ በንጹሕ ውሃ በጥብጡና ቶሎ ቶሎ ፉት ይበል፤ በኛ አገር ሙቀት ሰውነት ወዲያው ነው የሚደርቀው።