ጾመኛዋን «ድባቴ አለባቸው» አትበሉ

ሀዋሳ ላይ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚያማክር ሰው «የክርስትና መንፈሳዊነትና የአእምሮ ጤና» የሚል ርዕስ ሳይደርሰው ዓመቱ አያልፍም። ርዕሱን እወደዋለሁ። ተደጋግመው የሚመጡት ስህተቶች ግን አንገሽግሸውኛል።

የባሰብኝ መለኪያውንና ውጤቱን አንድ ማድረግ ነው። ፋሲት-ኤስፒ የሚባል ባለ 12 ጥያቄ መለኪያ አለ። ውስጣችሁ ሰላም ይሰማው እንደሆነ፣ የምትኖሩበት ምክንያት እንዳላችሁ ይጠይቃል። ተማሪው ይህን «መንፈሳዊነት» ብሎ ይመዘግብና የድባቴ መጠይቅ ያስከትላል። ከዚያ ፊቱ በርቶ ይመጣል፦ «መንፈሳዊ ሰዎች ድባቴያቸው ዝቅተኛ ነው!» ኧረ ተው! ሰላም የሚሰማቸው ሰዎች አልተጨነቁም አልክ እንጂ ሌላ ምን አገኘህ? በአሜሪካ የዱክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪው ሃሮልድ ኮኒግ ይህንኑ እ.ኤ.አ. በ2008 ጽፎ ተችቷል። ስለ ጸሎት ማወቅ ከፈለጋችሁ ስለ ጸሎት ጠይቁ። ደግሞ ሽብርቅርቅ ያለ ግራፍ ይህን አያድነውም።

ሌላው ጾም ነው። ፒኤችኪው-9 የሚባለው ባለ 9 ጥያቄ የድባቴ መጠይቅ ስላለፉት ሁለት ሳምንታት ይጠይቃል። መረጃ የሚሰበሰበው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ መጋቢት ላይ፣ በዐቢይ ጾም መሃል።

«እማማ፣ የምግብ ፍላጎትዎ ቀንሷል?»

«ጾም አይደል እንዴ ልጄ! ምን ፍላጎት አለ?»

ልጁ «በየቀኑ ማለት ይቻላል» ላይ ምልክት ያደርጋል፤ 3 ነጥብ። ድካም? ሲሰግዱ ነው የከረሙት፤ 3። እንቅልፍ? ሌሊት ለኪዳን ይነሳሉ፤ 3። «ድባቴ ሊኖር ይችላል» የሚባልበት የተለመደው መነሻ ነጥብ 10 ነው። እማማ ሳይከፋቸው 9 ሞሉ። በፕሮቴስታንቱም በኩል የአዳር ጸሎት አለ። ወይ ወሩን ቀይሩ፣ ወይ ጾመኛ መሆናቸውን መዝግቡ።

ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ብቻ መረጃ አትሰብስቡ። ድባቴ የጠናበት ሰው ከቤቱ አልወጣም። ስለዚህ «ቤተ ክርስቲያን መሄድ ያድናል» ለማለት አትቸኩሉ፤ ጤነኞቹ ስለሆኑ ይሆናል የመጡት። በተለይ ሐምሌ 19 ገብርኤል ላይ መጠይቅ ይዞ የሚቆም ሰው ምን እንደሚያስብ አይገባኝም።

«በሳምንት ስንት ጊዜ ትሄዳላችሁ?» ብቻውን እዚህ ከተማ ብዙም አይለይም፤ አብዛኛው ሰው ከላይኞቹ ምርጫዎች አንዱን ነው የሚመርጠው።

እምነት የሚያስጨንቅበትንም ጎን ጠይቁ። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ኬኔት ፓርጋመንት፣ ሰው በችግር ጊዜ እምነቱን እንዴት እንደሚጠቀም ለመጠየቅ የሠራው አጭሩ መለኪያ 14 ጥያቄ አለው፤ ግማሹ «እግዚአብሔር ትቶኛል» ወይም «እየቀጣኝ ነው» ስለሚል ስሜት ነው። ተማሪዎች ይህን ግማሽ «ምእመናን ይቀየማሉ» ብለው ይቆርጡታል። አትቁረጡት።

የፒኤችኪው 9ኛው ጥያቄ ራስን ስለ ማጥፋት ሐሳብ ነው። «አዎ» ያለ ሰው ፊት መጠይቁን አጥፎ ቦርሳ ውስጥ መክተት የለም። ለሥራው ከመውጣታችሁ በፊት የትኛው የአእምሮ ሕክምና ባለሙያ ጋ እንደምትልኩት፣ ለማን እንደምትደውሉ ተነጋግራችሁ ጨርሱ።