ሲንሸራተት አያጥብቁት፦ የካርቦን የብስክሌት ዕቃ ሲገጠም የሚሠሩ ስህተቶች

የካርቦን የኮርቻ ዘንግ ገጥመው ጥቂት እንደነዱ ኮርቻው ቁልቁል መንሸራተት ይጀምራል። ብዙ ሰው ያኔ ቁልፉን አንስቶ ብሎኑን ያጠብቃል። ከስህተቶቹ ሁሉ የከፋው ይሄ ነው።

ካርቦን በርዝመቱ ብዙ ጭነት ይችላል። አንድ ቦታ ላይ ቆንጥጦ የሚጨምቀውን ነገር ግን አይወድም። ውስጡ ያለው ክር ተሰነጣጥቆ ከላይ ምንም ላይታይ ይችላል፤ ከዚያ አንድ ቀን ጉድጓድ ሲገቡ ቀጭ ይላል። የማጥበቂያው ልክ ብዙ ጊዜ ዕቃው ላይ ተጽፎ ይገኛል፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ኒውተን ሜትር ነው። 5 ኒውተን ሜትር ማለት 10 ሳንቲሜትር በሚረዝም ቁልፍ ጫፍ ላይ የ5 ኪሎ ያህል ጫና ማሳረፍ ነው። ጠንካራ ክንድ ሳይታወቀው ያልፈዋል። ስለዚህ ቶርክ ሬንች፣ ማለትም የማጥበቂያውን ኃይል የሚለካ ቁልፍ፣ ይግዙ ወይም ይዋሱ። የፍሬሙና የዘንጉ ልክ ከተለያየ ዝቅ ያለውን ይያዙ።

ታዲያ መንሸራተቱን ምን ያቆመዋል? የካርቦን ፓስታ የሚባል የሚቀባ ነገር። ጣት ላይ ሲያሹት እንደ ደቃቅ አሸዋ ይቆረቁራል፤ ቅንጣቶቹ ሁለቱን ዕቃዎች ያያይዟቸዋል። በግድ ማጥበቅም አያስፈልግም።

ሁለተኛው ስህተት እዚሁ ጋ ነው፦ በፓስታው ፈንታ ግሪስ መቀባት። ለብረት የለመድነው ነገር እዚህ ያንሸራትታል። ግሪስ ነክቶት ከሆነ ዘንጉንም የፍሬሙን ቱቦ ውስጥም በአልኮል ጠርገው ያድርቁ፤ ከዚያ ፓስታውን ስስ አድርገው ይቀቡ።

የቱቦውን አፍ ሳይዳስሱ ማስገባትም አለ። ጣትዎን ቀስ አድርገው ያዙሩበት። የሚቧጥጥ የብረት ስለት ካለ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ያለስልሱት። የዘንጉንም ውፍረት ያረጋግጡ፤ 27.2 ሚሊሜትር ለሚፈልግ ቱቦ 27 ሚሊሜትር ዘንግ አይሆንም። ዘንጉ ቢያንስ እስከየት መግባት እንዳለበት የምታሳየው ዘንጉ ላይ ያለችው መስመር ደግሞ ከውጭ መታየት የለባትም።

መሪ ሲገጥሙ አንዱን ብሎን ጨርሰው ወደሚቀጥለው አይሂዱ። አራቱን በመስቀለኛ፣ በየተራ፣ ትንሽ ትንሽ ያጥብቁ። አምራቹ ሌላ ካላዘዘ መሪውን የሚይዘው ክዳን የላዩና የታቹ ክፍተት እኩል መሆን አለበት።

የፎርኩ (የፊት ጎማውን የሚይዘው ሹካ) ዘንግ ካርቦን ከሆነ በመዶሻ የሚገባውን ባለ ጥርስ ብረት ፈጽሞ አይጠቀሙ፤ ውስጡን ይቧጭረዋል። ተለጥጦ የሚይዝ መወጠሪያ አለ፣ እሱን ይግጠሙ። ዘንጉን ሲቆርጡ አፍና አፍንጫዎን ይሸፍኑ፤ ብናኙ ሳንባ ይጎዳል።

ፍሬሙ አሉሚኒየም፣ የኮርቻው ዘንግ ካርቦን ከሆነ እርጥበት ሲገባ አሉሚኒየሙ ይበላል፤ ዘንጉም ተጣብቆ ይቀራል። በተለይ ክረምት ከነዱ በየጥቂት ወሩ አውጥተው ያጽዱና አዲስ ፓስታ ይቀቡ። ባወጡት ቁጥር ማሰሪያው ያረፈበትን ቦታ በጥፍርዎ ይፈትሹ። ጥፍር የሚይዝ ስንጥቅ ካገኙ ሙጫ አያስቡ፤ ዘንጉን ይቀይሩት።