ዳግም የተሞላ ጥይት ወይስ አዲስ? ኢላማ ተኳሾች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ባለፈው ቅዳሜ ማታ አዳማ፣ ፍራንኮ አካባቢ ባለው ቤታችን በረንዳ ላይ ቡና እየጠጣን ነበር። ሁለተኛው እንደቀረበ የእህቴ ልጅ ከዳላስ በቪዲዮ ደወለ። ዲቪ ደርሶት ከሄደ አራት ዓመቱ ነው፤ ዘንድሮ ኢላማ ተኩስ ጀምሯል። ሰላምታ ሳንጨርስ ስልኩን ወደ ጠረጴዛው አዞረና አንድ የፕላስቲክ ከረጢት አሳየኝ። እስከ ግማሹ ጥይት ነው።

«ጋሼ፣ አብሮኝ የሚሠራ ልጅ ራሱ የሞላው ነው። ከሱቅ በግማሽ ዋጋ ሰጠኝ። ነገ ልተኩሰው ነው።»

«እንዳትነካው» አልኩት።

ክው አለ። የጠበቀው «ጎበዝ፣ ቆጠብክ» እንድለው ነበር። እኔም እዚያ አገር አሥራ አንድ ዓመት ስኖር ቅዳሜ ቅዳሜ ከተኩስ ሜዳ አልጠፋም ነበር። አዲስም ዳግም የተሞላም ተኩሻለሁ። ዳግም የተሞላን ጥይት አልጠላም፤ እንዲያውም በጣም የማከብራቸው ተኳሾች የሚተኩሱት የገዛ እጃቸው የሞላውን ነው። ግን ይሄ ነገር በዋጋ ብቻ የሚወሰን አይደለም። ያን ማታ ለልጁ ያልኩትን ውጭ ላላችሁና እዚህ ልማድ ለገባችሁ ሁሉ ልጻፈው ብዬ ነው።

እዚህ አገር ላላችሁ ግን አንድ ነገር ቀድሜ ልበል። በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ያለ ፈቃድ መሣሪያም ጥይትም መያዝ ክልክል ነው። ቤት ውስጥ ጥይት መሙላት የሚባለውን ነገር ጭራሽ እንዳታስቡት።

ስህተት 1፦ «ዳግም የተሞላ» የተባለውን ሁሉ አንድ ማድረግ

አንድ ጥይት አራት ነገር ነው። ቀለህ፣ ባሩድ፣ አረር፣ እና ቀለሁ ግርጌ ላይ የምትቀመጠው ትንሿ መለኮሻ፣ ፕራይመር። ሲተኮስ አረሩ ይሄዳል፣ ባሩዱ ይነዳል፣ ፕራይመሯ ታልቃለች። የሚተርፈው ቀለሁ ነው። ናስ ከሆነና ካልተሰነጠቀ ተጠርቶ፣ መጠኑ ተስተካክሎ፣ አዲስ ፕራይመር፣ ባሩድና አረር ይገባበታል። ዳግም መሙላት የሚባለው ይሄ ነው።

ሥራው አንድ ይሁን እንጂ የሚሠሩት እጆች ይለያያሉ። ፈቃድ ያለው ድርጅት አሮጌ ቀለህ ሰብስቦ በማሽን ሞልቶ በካርቶን የሚሸጠው አለ። አንድ ሰው ጋራዡ ውስጥ ለራሱ መሣሪያ የሚሞላው አለ። ያ ሰው ደግሞ ተርፎት ለጓደኛው የሚሰጠው አለ። እ.ኤ.አ. የ1968ቱ የአሜሪካ ሕግ ጥይት ሠርቶ መሸጥን ሥራዬ ያለ ሰው ፈቃድ እንዲያወጣ ያዛል። ለራሱ የሚሞላ ሰው ግን የፌዴራል ፈቃድ አይጠየቅም። ስለዚህ የጓደኛ ጥይት ላይ ከጓደኛው በቀር ማንም ዓይኑን አላሳረፈበትም።

እናቴ ያልታወቀ ሰው ያስፈጨውን በርበሬ አትገዛም። ቀይ ነው፣ ይሸታል፣ ያምራል፤ እሷ ግን መጀመሪያ የምትጠይቀው «የማን እጅ ነው?» ብላ ነው። በርበሬ እንኳ ከፍተው ያዩታል፣ በጣት ይቀምሱታል። የተዘጋ ጥይት ውስጥ ምን ያህል ባሩድ እንዳለ በዓይን ማየት አይቻልም። «አዲስ ነው ወይስ አሮጌ?» ከማለት በፊት «ማን ሞላው? ችግር ቢመጣስ ማንን እጠይቃለሁ?» ማለት ይሻላል።

ስህተት 2፦ ወረቀት የሌለውን ጥይት መቀበል

የፋብሪካ ካርቶን ላይ የጥይቱ ዓይነት፣ የአረሩ ክብደትና የምርት ቁጥር አለ። ያ ቁጥር ትንሽ ነገር አይምሰላችሁ። ፋብሪካው ስህተት ቢያገኝ «ይሄን ቁጥር የያዛችሁ አትተኩሱ፣ መልሱ» ብሎ ያስታውቃል። ካርቶኑን ጥላችሁ ጥይቱን በከረጢት ካጠራቀማችሁ ማስታወቂያው ቢወጣም የእናንተ ይሁን አይሁን አታውቁም።

ጠንቃቃ ሰው የሞላውም ወረቀት አለው። የባሩዱ ስምና መጠን፣ የአረሩ ክብደት፣ የተሞላበት ቀን፣ ቀለሁ ስንት ጊዜ እንደተተኮሰ፣ ለየትኛው መሣሪያ እንደተሰናዳ። የመጨረሻው በተለይ ይነበብ። ሰውዬው ለራሱ ጠንካራ ጠመንጃ የሞላው ጥይት ለእናንተ መሣሪያ ሊከብድ ይችላል።

የእህቴ ልጅ ከረጢት ላይ ምንም አልተጻፈም። ፊቱን ወደ ጥይቱ አስጠግቶ የቀለሆቹን ግርጌ ሲያነብልኝ ሦስት የተለያየ የፋብሪካ ማህተም ወጣ። አብሮት የሚሠራው ልጅ ቀለሁን ከሜዳው ወለል ላይ ሳይለቅመው አልቀረም።

ስህተት 3፦ «ፍስ» ያለውን ተኩስ ንቆ ማለፍ

ከሁሉ በላይ የምፈራው ይሄን ነው። ሰፋ አድርጌ ልንገራችሁ።

አንድ ቅዳሜ ከእኔ በስተቀኝ አንድ ሰውዬ በሽጉጥ ይተኩስ ነበር። ወዳጁ የሞላለት ጥይት ነው። ጷ፣ ጷ፣ ጷ እያለ ድምፁን ለምደነዋል። ከዚያ ድንገት «ጵስ» አለ። ክብሪት ውሃ ውስጥ እንደገባ ዓይነት ድምፅ። ሽጉጡም እንደወትሮው እጁ ላይ አልመታም። ሰውዬው ግራ ተጋባ፣ ሽጉጡን በእጁ ስቦ ሌላ ጥይት አጎረሰና ጣቱን ወደ ምላጩ ወሰደ። የሜዳው ተቆጣጣሪ ከኋላ «ቁም!» ብሎ ሲጮህ ሁላችንም ደርቀን ቀረን።

ሽጉጡ ተራገፈ። ቱቦው ውስጥ ብርሃን ሲታይ አያሳልፍም። አረሩ መሀል ላይ ተቀርቅሯል። ጥይቱ ውስጥ ባሩድ አልነበረም፤ ፕራይመሯ ብቻዋን ነድዳ አረሩን ሦስት ጣት ያህል ገፍታ ተወችው። በኋላ በናስ ዘንግ ቀስ ብለው አወጡት። ሁለተኛው ጥይት ቢተኮስ ኖሮ ከፊቱ የተዘጋ ቱቦ ይጠብቀው ነበር። ቱቦው ያብጣል ወይም ይፈነዳል፤ የሚፈነዳውም እጅና ፊት አጠገብ ነው።

ግፊቱን እንድትገምቱት በጎሚስታ ቋንቋ ልንገራችሁ። የቤት መኪና ጎማ የሚነፋው ወደ 35 ፒ ኤስ አይ ገደማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1926 የተመሠረተው ሳሚ የሚባለው የአሜሪካ አምራቾች ተቋም ለተለመደው 9 ሚሊ ሜትር የሽጉጥ ጥይት የፈቀደው ከፍተኛ ግፊት 35,000 ነው። የጎማውን አንድ ሺህ እጥፍ ማለት ነው። ለ.308 የጠመንጃ ጥይት ደግሞ 62,000 ይደርሳል።

ባሩድ መርሳት አንዱ ስህተት ከሆነ ሁለት ጊዜ መጨመር ሌላው ነው። 9 ሚሊ ሜትር ጥይት ውስጥ የሚገባው ባሩድ ብዙ ጊዜ ከአንድ ግራም ሲሶ አይበልጥም። በብዙ የሽጉጥ ባሩድ ቀለሁ ግማሹን እንኳ አይሞላም። ሞይው፣ ማለትም ጥይቱን የሚሞላው ሰው፣ ስልክ ጠርቶት ዞር ብሎ ተመልሶ ደግሞ ቢጨምርበት፣ እጥፍ ባሩዱ ሳይፈስ ይገባል። አረሩ ከላይ ሲገጠም ሁሉም ጥይት አንድ መልክ ነው።

ስለዚህ ድምፁ ከቀነሰ ወይም ምቱ ከላላ ወዲያው አቁሙ። አፈሙዙ ወደ ኢላማው እንዳለ ይቆይ። ምላጩን ስባችሁ ምንም ካልተሰማም እንደዚያው ይዛችሁ ቢያንስ 30 ሰከንድ ጠብቁ፤ የከሸፈ የመሰለ ጥይት ዘግይቶ ሊነድ ይችላል። ከዚያ አራግፉ፣ ቱቦው ክፍት መሆኑን እዩ። ካልገባችሁ እጃችሁን አንሥታችሁ ተቆጣጣሪውን ጥሩ። ማንም አይስቅባችሁም። ይሄ ሁሉ ለፋብሪካ ጥይትም ይሠራል፤ ፋብሪካም አልፎ አልፎ ይሳሳታል።

ስህተት 4፦ ሳያዩ ማጉረስ

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል። የማን እጅ እንደሞላው የምታውቁትም ቢሆን እያንዳንዱን ፍሬ በብርሃን እዩት። የቀለሁ አንገት ላይ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ፣ ከግርጌው ከፍ ብሎ ዙሪያውን የሚታይ ብሩህ መስመር፣ እብጠት፣ ከግርጌው ወጣ ብላ የቆመች ፕራይመር፣ ከጎረቤቶቹ ያጠረ ወይም የረዘመ ጥይት ካያችሁ ወደ ጎን አውጡት። አረሩን በአውራ ጣት ጫን በሉት፤ ወደ ውስጥ ከገባ ጥይቱ አልተያዘም። አረር ወደ ውስጥ ሲሰምጥ ግፊቱ ይጨምራል። አንድን ጥይት ደጋግሞ ማጉረስና ማውጣትም አረሩን ሊያሰምጠው ይችላል። ይሄ በአዲስ ጥይት ላይም ይደርሳል።

ስህተት 5፦ ቁጠባውን በአንድ ፍሬ ብቻ ማስላት

«ቀለሁ ነፃ ነው፣ ስለዚህ በግማሽ ዋጋ» የሚለው ሒሳብ መሙያ ማሽኑን፣ ሚዛኑን፣ ማጽጃውን፣ የመመሪያ መጽሐፉንና ጊዜውን ይረሳል። ከሁሉም ጊዜው ይከብዳል። ሥራው ጸጥታ ይፈልጋል፤ ልጅ እየጮኸ፣ ቴሌቪዥን ተከፍቶ የሚሠራ አይደለም። በወር አንዴ ሃምሳ ፍሬ ለሚተኩስ ሰው ዕቃው ዋጋውን ሳይመልስ ዓመታት ያልፋሉ። ብዙ ለሚተኩስ፣ በተለይ ውድ የጠመንጃ ጥይት ለሚጠቀም፣ ሒሳቡ ሌላ ነው። የማውቃቸው ሞይዎች ግን በሚተርፋቸው ገንዘብ ይበልጥ ስለሚተኩሱ ኪሳቸው ውስጥ ያለው ያው ነው።

ሁሉም ቀለህ ደግሞ አይሞላም። ቦክሰር የሚባለው የፕራይመር ዓይነት በቀላሉ ይወልቃል፣ በርዳን የሚባለው ግን ያስቸግራል። የሚገርመው በርዳን አሜሪካዊ፣ ቦክሰር እንግሊዛዊ ነበሩ፤ ዛሬ አሜሪካ የምትጠቀመው የእንግሊዛዊውን ነው። እዚህ ሁላችንም የምናውቀው የክላሽ ጥይት ብዙው በርዳን ነው፣ ቀለሁም ብዙ ጊዜ ብረት። እሱን መልሶ ለመሙላት ማሰብ ድካም ነው።

ስህተት 6፦ «አንዱ ሁልጊዜ ይመታል፣ ሌላው ይስታል» ማለት

ረጅም ርቀት በጠመንጃ የሚወዳደሩ ተኳሾች አብዛኞቹ የሚተኩሱት ራሳቸው የሞሉትን ነው። ፋብሪካ የሚሞላው ለሁሉም መሣሪያ እንዲሆን ነው፣ እነሱ ግን ለአንዲት ጠመንጃቸው ብቻ ይለካሉ። የአረሩ ፍጥነት ከፍሬ ፍሬ ሳይዋዥቅ ሲቀር ቀዳዳዎቹ ይጠጋጋሉ። ይሄ ግን የዓመታት ልምድ ነው። የጀማሪ ጥይት እንደ ጀማሪ እንጀራ ነው፤ አንዱ ይወፍራል፣ አንዱ ይሳሳል።

ለጀማሪ የምመክረው .22 የምትባለውን ትንሿን ጥይት ነው። መለኮሻዋ በቀለሁ ጠርዝ ውስጥ ስለሆነ ዳግም አትሞላም፤ ክርክሩም አብሮ ይቀራል። ርካሽ ናት፣ ስትተኮስም እጅ ላይ አትመታም። ትንሽ ናት ብላችሁ እንዳትንቋት፤ በኦሎምፒክ የ50 ሜትር ጠመንጃ ውድድር የሚተኮሰው በእሷ ነው። እዚያ ላይ የአሥሩ ነጥብ ክብ ስፋት 10.4 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። የእህቴ ልጅ ገና በ25 ሜትር ወረቀቱን መሀል ላይ አላገኘውም። እሱን የሚያግዘው የምላጭ አሳሳብና ትንፋሽ መያዝ ነው።

ስህተት 7፦ መመሪያና ሕግ አለማንበብ

አብዛኞቹ የመሣሪያ አምራቾች ዳግም በተሞላ ጥይት ለሚደርስ ጉዳት ዋስትና እንደማይሰጡ በመመሪያቸው ጽፈዋል። ብዙ የተኩስ ሜዳዎችም የሌላ ሰው እጅ የሞላውን አያስገቡም። ከመግዛታችሁ በፊት ሁለቱንም ጠይቁ።

አሜሪካ በተማሪ ወይም በጎብኚ ቪዛ ላላችሁ ግን ከዚህ የሚብስ አለ። ያለ ግሪን ካርድ በጊዜያዊ ቪዛ ያለ ሰው መሣሪያም ጥይትም መያዝ በፌዴራል ሕግ ተከልክሏል። የአደን ፈቃድ እንዳለው ሰው ያሉ ጥቂት ልዩ ሁኔታዎች አሉ። «ጓደኛዬ የሰጠኝ ከረጢት ነው» ማለት አያድንም። እዚያ የለፋችሁበት ሕይወት በአንድ ከረጢት ሲበላሽ ማየት አልፈልግም።

ስህተት 8፦ ከሜዳው ሲመለሱ መዘናጋት

ጥይት ደረቅና ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ይወዳል። የአዳማን የቀትር ፀሐይ የምታውቁ መኪና ውስጥ ምን እንደሚሆን ይገባችኋል፤ የዳላስ ሐምሌ ከዚያ አይተናነስም። አረሩም ፕራይመሯም ብዙ ጊዜ እርሳስ የሚባለው መርዛም ብረት አላቸው። ከተኮሳችሁ በኋላ በቀዝቃዛ ውሃና ሳሙና ታጠቡ፣ ልጅ ከማቀፋችሁ በፊት ልብስ ቀይሩ። ለቁልፍ ማንጠልጠያ ብላችሁ ቀለህ ሻንጣ ውስጥ ይዛችሁ አትምጡ። ቦሌ ላይ ለማስረዳት ከመቆም ባዶ እጅ መምጣት ይሻላል።

ልጁ ከሰማኝ በኋላ «እንግዲያው ቆሻሻ ውስጥ ልጣለው?» አለኝ። እሱም አይሆንም። የቆሻሻ መኪና ይጨፈልቀዋል፣ ሕፃን ያገኘዋል። «የምትተኩስበት ሜዳ ደውልና ይቀበሉ እንደሆን ጠይቅ፤ ካልተቀበሉ ፖሊስ ጣቢያ ደውል» አልኩት።

ማክሰኞ ማታ መልሶ ደወለ። ሜዳው ተቀብሎታል። የሥራ ባልደረባው ትንሽ ተቀይሞት ነበር፤ አሁን ግን ካርቶን ላይ መጻፍ ጀምሯል አለኝ። ጠረጴዛው ላይ ደግሞ አንድ አዲስ የ.22 ካርቶን ነበር። አዙሮ የምርት ቁጥሩን አነበበልኝ።